ቀልቡ ቶሎ የሚበተን ሰው አጀንዳ ሲይዝ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ልብስ እሰፋለሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ያነሳዋል፤ እኔን ግን አንድ የከተራ ዕለት ደርሶብኛል። ጥር 10 ጠዋት አንዲት እናት ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጡ። ጨርቁ እንደታጠፈ ፌስታል ውስጥ ነበር፤ ልኬታቸውን የጻፍኩባት ብጣሽ ወረቀት በስፒል ተይዛበታለች፤ መቀስ ግን አልነካውም። «የኔ ልጅ፣ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ እኮ ሌላ ጋ አሰፋው ነበር» አሉኝና ጨርቃቸውን ይዘው ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ያን ሳምንት በየቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት ስሰፋ ነበር የከረምኩት። ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግር እንዳለብኝ ሐኪም የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ምርመራው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸውን ስለሚጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ የወሰደው ስለ ልጅነቴ ሲጠይቀኝ ነው። እንዲህ ያለ አእምሮ ምን መሥራት እንዳለበት ያውቃል። የሚቸገረው ያወቀውን በሰዓቱ ለማስታወስ፣ ለመጀመርና ጊዜን ለመገመት ነው። አጀንዳ የሚያግዘውም እዚህ ላይ ነው፤ ግን አያያዙን ካወቁበት ብቻ። እኔ ዓመት በዓመት ገዝቼ ዓመት በዓመት የተውኩበትን ምክንያት አንድ በአንድ ልንገርዎ።

የመጀመሪያው ስህተት አጀንዳውን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከዓይን የራቀ ነገር ለኛ ከሐሳብም ይርቃል፤ ነገ እንኳ አይመለስም። መስከረም ላይ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ወፍራም አጀንዳ እገዛና እንዳይቆሽሽ ብዬ አስቀምጠው ነበር፤ ጥቅምት ሲገባ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። አሁን የምጠቀመው ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ጥግ ጥጉን በስቼ በሲባጎ የስፌት መኪናው አንገት ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ እስክሪብቶውም እዚያው ታስሯል። ክር ለማስገባት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ፊቴን ይነካኛል። ዘይት ነክቶታል፣ ሽፋኑም ተገንጥሏል፤ ግን በየቀኑ ይገለጣል። የእርስዎ ሥራ ሌላ ከሆነ ዓይንዎ ሳይፈልግ የሚያርፍበትን ቦታ ይምረጡ፤ የቡና ረከቦቱ አጠገብ፣ የበሩ እጀታ፣ የባጃጁ መሪ።

ሁለተኛው ሁሉንም በአንድ ገጽ መደርደር ነው። ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ይዞ የሚያገላብጠው አራት ነገር ገደማ እንደሆነ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ሃያ ሦስት ሥራ የተጻፈበትን ገጽ ስገልጥ ደረቴ ይጨንቀኛል፤ ደብተሩን ከድኜ ስልኬን አነሳለሁ። ስለዚህ የመጣልኝን ሁሉ ከኋላ ባሉት ገጾች እጽፋለሁ፤ ወደ ፊት የሚያልፉት ለዛሬ የሚሆኑ ሦስት ብቻ ናቸው።

የአጻጻፉም ነገር አለ። «የሠርግ ቀሚስ» ተብሎ የተጻፈ ሥራ ከየት እንደሚጀመር አይናገርም። «ገበያ ሄደሽ 60 ሳንቲ ሜትር ነጭ ዚፕ ግዢ» ሲባል ግን እግር ይነሳል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ሰውን ለሥራ እንደሚያነሳሳ አሳይቷል። የእኔ ውሳኔ «የመጀመሪያው ቡና ሲቀዳ ደብተሩን እገልጣለሁ» የሚል ነው። «ጠዋት ላይ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ጠዋቱ ያልፈኝ ነበር፤ ቡናው ግን አያልፈኝም።

ሦስተኛው ስህተት ጊዜን በልብ መገመት ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የካናዳ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንደሚጨርሱ ገምተው 55 ቀን ያህል ፈጅቶባቸዋል። የጊዜ ስሜታችን ለላላ ለኛ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ለሁለት ሳምንት እያንዳንዱን ቀሚስ ከመቁረጥ እስከ መተኮስ በሰዓት መዘገብኩ፤ አራት ሰዓት ይበቃዋል የምለው ሰባት ይፈጅ ነበር። ለደንበኛ ቀጠሮ የምሰጠው አሁን በሰባቱ ነው።

በዚህ ላይ የኛ አገር ሰው ሁለት ሰዓትና ሁለት ካላንደር ይዞ ነው የሚኖረው። ጠዋት 3 ሰዓት ያለውን ቀጠሮ ስልኩ ላይ 3:00 ብሎ የሞላ ሰው ደወሉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይቀሰቅሰዋል፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር። ስልኩ ላይ የሚሞላው 9:00 ነበር። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ወሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይለዩ መጻፍ ቀጠሮ ያስታል። እኔ ወረቀት ላይ በኛ ብቻ እጽፋለሁ፤ ከቁጥሩ አጠገብም የቀኑን ታቦት አኖራለሁ፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም። ቁጥር ይረሳኛል፣ ማርያም ግን አትረሳኝም። የጽዋ ማኅበራችንም በ21 ስለሆነ በዚያ ዕለት ጠዋት ከኋላ ያሉትን ገጾች አንብቤ ጊዜ ያለፈበትን እሰርዛለሁ።

ብቻዬን እወጣዋለሁ ማለትም ስህተት ነው። ገበሬ አዝመራውን በደቦ ይሰበስባል፤ እኔም ከባዱን የጥልፍ ሥራ የማነሳው ጎረቤቴ ጥጥ ልትፈትል ከአጠገቤ ስትቀመጥ ነው። ብዙ አናወራም። ሰው አጠገቤ መኖሩ ብቻ ወንበሬ ላይ ያቆየኛል።

ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙዎች የሚከብዳቸው የቀኑ ሥርዓት በድንገት ሲለወጥ ነው፤ ለነሱ ሦስት ሥራ ከመጻፍ ይልቅ ቅደም ተከተሉን በሥዕል ማስቀመጥ ሊረዳ ይችላል። ደብተር የሕክምናን ቦታ እንደማይተካም ላስታውስ፤ ነገሩ ኑሮዎን ካወከው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሂዱ።

ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው፤ አንድ ሳምንት ሲዘለል «ይኸው፣ አልቻልኩም» ብሎ ደብተሩን መጣል። በለንደን የተሠራ አንድ ጥናት አዲስ ልማድ እስኪለመድ በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አሳይቷል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰውም ተመልክቷል። ጥናቱ ስለኛ ዓይነት ሰዎች ለብቻ የተሠራ አይደለም፤ እኔ ግን ያንን ሳነብ እንባዬ መጣ፤ ለስንት ዓመት የጣልኳቸው ደብተሮች ታወሱኝ።

ባለፈው ፍልሰታ ከነሐሴ 3 እስከ 11 አንድ ፊደል አልጻፍኩም። ባዶዎቹን ገጾች አልቀደድኩም፤ ያለፈውን ልሙላ ብዬም አልተቀመጥኩም። አንድ መስመር በሰያፍ አሳልፌባቸው በሚቀጥለው ገጽ ላይ «ነሐሴ 12፣ ሚካኤል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ አንድ ሥራ ብቻ አለ፤ «የነጠላውን ጫፍ ቋጪ»።