መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከአልጋ አልጋ እንዳይሻገር

መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል (ዋርድ) ውስጥ በዋናነት የሚዘዋወረው በእጅና እጅ በሚነካው ነገር ነው። ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ባስተካከለ እጅ ወደ ቀጣዩ ታካሚ ይሻገራል፤ አሲኔቶባክተር የተባለው ሌላው ደግሞ በደረቀ የአልጋ ብረት ላይ ለሳምንታት ሳይሞት ይቆያል። እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ባሉ የባሕር ዳር ሆስፒታሎች ታካሚው ከዘጌም ይምጣ ከደቅ ደሴት ብቻውን አይመጣም፤ አስታማሚ ይከተለዋል። ስለዚህ ጥንቃቄው የሦስት ሰዎች እጅ ላይ ነው፤ የባለሙያው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የአስታማሚው። ሁለቱን አስተምሮ ሦስተኛውን መተው ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ከእጅ ማጽጃው አልኮል እንጀምር፤ ውሃ በጠፋ ቀንም የሚሠራው እሱ ነውና። የሆስፒታሉ ፋርማሲ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 10 ሊትር ለማዘጋጀት 96% ኤታኖል 8333 ሚሊ ሊትር፣ 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98% ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር እና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያስፈልገዋል። የ10 ሊትር ምልክት ባለው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አልኮሉን አስቀድሙ፤ ፐርኦክሳይዱን አስከትሉ። ቀጥሎ ግሊሰሪኑን ጨምሩ፤ ወፍራም ስለሆነ ከመለኪያው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ መለኪያውን ፈልቶ በቀዘቀዘው ውሃ አለቅልቁና እጣቢውንም እዚያው ጨምሩት። ከዚያ እስከ ምልክቱ ውሃ ሙሉ፣ አልኮሉ እንዳይተን ቶሎ ክደኑ፣ ቀስ አድርጋችሁ አዋሕዱ። በጠርሙስ ከተቀዳ በኋላ 72 ሰዓት ሳይታደል ይቀመጥ። ፐርኦክሳይዱ የተጨመረው እጅ ለማጽዳት ሳይሆን በአልኮሉ ወይም በጠርሙሱ ውስጥ የቀረ የባክቴሪያ ስፖር (አልኮል የማይገድለው ጠንካራ ቅርጹ) ካለ ለመግደል ነው፤ ያ ደግሞ ሦስቱን ቀን ይፈልጋል።

ግሊሰሪኑ ካነሰ እጅ ይሰነጠቃል፣ ከበዛ ይጣበቃል፤ በሁለቱም ሠራተኛው መቀባቱን ይተዋል። ድብልቁ ከ17.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ጀምሮ እሳት የሚይዝ ትነት ያወጣል፣ የባሕር ዳር ቀን ደግሞ ከዚያ ይሞቃል፤ ከሰል ከሚቀጣጠልበትና ቡና ከሚፈላበት ክፍል አርቁት። በተጋመሰ ጠርሙስ ላይ ጨምሮ መሙላት አይገባም። ባዶው ጠርሙስ በሳሙና ታጥቦ፣ በ0.1% ክሎሪን ቢያንስ 15 ደቂቃ ተዘፍዝፎ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ተለቅልቆና ደርቆ ነው እንደገና የሚሞላው።

አቀባቡ፦ መዳፍ ሙሉ ያዙና ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አሹ። 20 ሰከንድ ሳይሞላ ከደረቀ መጠኑ አንሷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት አውራ ጣትና የጣት ጫፎች ናቸው፤ ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) የሚያስገቡት ግን እነሱ ናቸው። እጅ ላይ ደም ወይም የሚታይ እድፍ ካለ፣ ወይም ታካሚው ተቅማጥ ካለበት አልኮል አይበቃም፤ በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ። ጓንት መታጠብን አይተካም። በአንድ ጓንት ሁለት ታካሚ መንካት ባክቴሪያውን በእጅ ይዞ እንደማድረስ ነው።

በረኪናውን ከመቅዳታችሁ በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ አንብቡ። 5% ከሆነ፣ ደም ለፈሰሰበት ቦታ የሚሆነው 0.5% የሚገኘው 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ሲበጠበጥ ነው። 4% ከሆነ ውሃው 7 እጅ ብቻ ነው። ለዕለት ተዕለት የአልጋ ብረትና የበር እጀታ 0.1% ይበቃል፤ 200 ሚሊ ሊትር 5% በረኪና በ9.8 ሊትር ውሃ ማለት ነው። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲመታው የዋለ በረኪና ኃይሉን ያጣል፤ ሽታው ግን ስለሚቆይ ሰውን ያታልላል። እድፍም ክሎሪኑን ይበላዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አጽድታችሁ፣ በንጹሕ ውሃ ጠርጋችሁ፣ ከዚያ በረኪናውን አድርጉና 10 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ ይቆይ። ከአሲድ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለእያንዳንዱ አልጋ የራሱ ጨርቅ ይኑረው፤ ያደፈው ጨርቅ ወደ ባልዲው ከተመለሰ የአንዱ አልጋ ባክቴሪያ ለሁሉም ይዳረሳል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የሕፃናት ክፍል ነው። የአንዱን ሕፃን መድኃኒት ለመበጥበጥ የተከፈተ የሳላይን (የጨው ውሃ) ወይም የዴክስትሮዝ (የስኳር ውሃ) ከረጢት ለሌሎቹም ሲቀዳበት ይውላል። ክሌብሲየላ በዴክስትሮዝ ውስጥ በክፍል ሙቀት ይራባል፣ ፈሳሹም ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። መርፌ ተሰክቶበት የተተወ ከረጢት ካያችሁ ወዲያውኑ አስወግዱ። መበጠበጫው ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ትንሽ ብልቃጥ (አምፑል) ይሁን።

አስታማሚዎች የሽንት ከረጢት ራሳቸው ያፈሳሉ። ለእያንዳንዱ ታካሚ የራሱ መቀበያ ዕቃ ይኑር፣ የቱቦው አፍ ዕቃውን አይንካ፣ ከረጢቱም ወለል ላይ አይቀመጥ። ሌሊት መሬት ላይ የተነጠፈው ጋቢ ጠዋት ታካሚው ላይ ሲደረብ ጫፉ የቁስሉን ፋሻ ይነካል፤ የአስታማሚውና የታካሚው ጋቢ ይለይ። ጸበል ካመጡ ካኑላውና ፋሻው ላይ እንዳይፈስ በአክብሮት ንገሯቸው። ጠያቂ ሲመጣ ከዘመዱ አልፎ የክፍሉን ታካሚ ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርሽ»፣ «አላህ ያሽርህ» እያለ ይዞራል፣ ይጨብጣል፣ አልጋ ላይ ይቀመጣል። ደግነቱ አይከልከል፤ ምርቃቱን ከግርጌ ቆሞ ያድርስ። «እናቴ፣ ምርቃትዎ ይድረሳቸው፤ እጅዎን ግን መጀመሪያ አልኮል ልቀባልዎ» ማለት ከቁጣ ይሻላል።

አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ናሙና ይወሰድ፤ ሴፍትሪያክሶንን የመሰለ አንቲባዮቲክ ከገባ በኋላ የተወሰደ ደም ምንም ላያበቅል ይችላል። የተላመደ ባክቴሪያ የተገኘበት ታካሚ ለብቻ ክፍል ካልተገኘለት በረድፉ ጫፍ፣ ከጎረቤቱ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ይተኛ፤ የደም ግፊት መለኪያውና ስቴቶስኮፑ የራሱ ይሁን። ካኑላና ካቴተር በየጠዋቱ «ዛሬም ያስፈልጋል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ካላስፈለገ ይውጣ።

ሥራው እየተሠራ መሆኑን የምታዩበት ቀላሉ መንገድ የአልኮል ፍጆታን መቁጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መነሻ ለ1000 የታካሚ ቀናት (አንድ ታካሚ አንድ ቀን ሲተኛ አንድ ይቆጠራል) 20 ሊትር ነው። ባለ 30 አልጋ ዋርድ ወር ሙሉ ከተያዘ 900 የታካሚ ቀናት ይሆናል፤ 18 ሊትር ማለቅ አለበት። መዝገቡ 4 ሊትር ካሳየ ጠርሙሶቹ የተሰቀሉበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ከአልጋው ክንድ በማይደርስበት ርቀት ከሆኑ ወደ አልጋው ግርጌ አምጧቸውና በሚቀጥለው ወር እንደገና ቁጠሩ።