የባልሽ ወረቀት ያንቺ ወረቀት አይደለም

ጥር ላይ ለጥምቀት ጎንደር ነበርኩ። አዘዞ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ከመካከላችን ባሏን ተከትላ እንግሊዝ ከገባች ሁለት ዓመት የሆናት የሰፈራችን ልጅ አለች። ባሏ በዚያው ሰሞን ኢንደፊኒቱ ወጥቶለታል፤ ቋሚ መኖሪያ አገኘ ማለት ነው። እናቶቹ እልል አሉ። «እንግዲህ አንቺም ወረቀት አገኘሽ» አሏት። እሷም አምናለች። እኔ ግን ደነገጥኩ። በረካው ሳይቀዳ ጎኗ ተቀምጬ ነገርኳት። ለእሷ ያልኳትን ነው እዚህም የምጽፈው። ሚስቱን ተከትሎ ለሄደ ባልም ነገሩ ያው ነው።

የሱ ወረቀት የሱ ነው። ያንቺ ጊዜ ለብቻው ይቆጠራል። እሱ በሥራ ቪዛ አምስት ዓመት ሞልቶት ቢያገኝ፣ በዲፔንደንትነት፣ ማለትም በሱ ቪዛ ጥገኛ ሆነሽ፣ ሦስት ዓመት ዘግይተሽ የገባሽው አንቺ የራስሽን አምስት ዓመት ትሞያለሽ። ቪዛሽ እስከዚያ ካለቀ በዚያው በዲፔንደንትነት ታራዝሚያለሽ። እሱ ቋሚ ነዋሪ ሆነ ተብሎ መስመሩ አይዘጋብሽም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። «ባልሽ አሁን ቋሚ ነው፣ ወደ ስፓውዝ ቪዛ ተዛወሪ» የሚል መካሪ አይጠፋም። ስፓውዝ ቪዛ ለቋሚ ነዋሪ የትዳር ጓደኛ የሚሰጠው ቪዛ ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን በዲፔንደንትነት የቆየሽበት ጊዜ ለስፓውዙ አምስት ዓመት አይያዝልሽም። ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት ዓመትሽን በገዛ እጅሽ ጣልሽው ማለት ነው። ለመዛወር በቂ ምክንያት ያላት ሴት ልትኖር ትችላለች፤ ግን ሳትቆጥሪ አትፈርሚ። ደግሞም እንግሊዝ ውስጥ ፈቃድ የሌለው ሰው የኢሚግሬሽን ምክር መስጠቱ በሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ መካሪሽን ፈቃዱን ጠይቂው።

በዲፔንደንት መስመር ላይ ካለሽ ሌላም ነገር አለ። በየትኛውም 12 ወር ውስጥ ከ180 ቀን በላይ ከአገሪቱ ውጭ ከቆየሽ ቆጠራሽ ይሰበራል። እናትሽ ቤት ለመታረስ ወይም ለተዝካር ስትመጪ የወጣሽበትንና የተመለስሽበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፊ።

ባልሽ መጀመሪያውኑ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ መጥቶ ጎንደር ያገባሽ ከሆነ ግን መንገድሽ ስፓውዝ ቪዛ ነው። መጀመሪያ 33 ወር ይሰጥሻል። ሳያልቅ 30 ወር ታራዝሚያለሽ። አምስት ዓመቱ ሊሞላ 28 ቀን ሲቀረው ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይቻላል። ከኤፕሪል 11 2024 ጀምሮ ለሚያመለክቱ አዲስ ጥንዶች የሚጠየቀው ገቢ በዓመት 29,000 ፓውንድ ነው። ከቪዛው ማመልከቻ ጋር የሚጠየቀው የጤና ክፍያ በዓመት 1,035 ፓውንድ ሆኖ፣ ለ33 ወሩ የሦስት ዓመት ይከፈላል፤ 3,105 ፓውንድ መሆኑ ነው። ለቪዛው የሚጠየቀው የቲቢ ምርመራ አዲስ አበባ ስለሆነ የጉዞውንም ወጪ ከወዲሁ አስቡበት። እንግሊዝ ከገባሽ በኋላ መሥራት ትችያለሽ፤ የመንግሥት ድጎማ ግን አይፈቀድልሽም።

ወረቀቱ ላይ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ሠርጋችን ጥር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ነበር። የጋብቻ የምስክር ወረቀታችንን የተረጎመልን ሰው ዓመቱን ሳይቀይር 2008 ብሎ ጻፈው። በፈረንጆቹ 2008 ደግሞ እኔና ባለቤቴ ገና አልተዋወቅንም! እንደገና ሲሠራ ቀኑን ጃንዋሪ 20 አደረገው። ጥር 12 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 20 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ያለፈው ጳጉሜን ስድስት ስለሚሆን በአንድ ቀን ይገፋል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 2016 ነበር። ለዚህች አንድ ቀን ስንት እንቅልፍ አጣሁ! የስም ነገርም እንዲሁ ነው። እኛ የባል ስም አንወስድም፣ በአባታችን ነው የምንጠራው። ፓስፖርትሽ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም አንዲት ፊደል ሳትለውጪ በየፎርሙ ላይ ድገሚው። የክርስትና ስምሽን አትቀላቅዪ።

የፈተናውን ዝግጅት ከገባሽበት ዓመት ጀምሪ። የስፓውዝ መስመር እንግሊዝኛን ደረጃ በደረጃ ይጠይቃል፤ ለመግባት ኤ1፣ ለማራዘም ኤ2፣ ለቋሚ መኖሪያ ቢ1። ለቋሚ መኖሪያ «ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ» የሚሉት፣ ስለ አገሪቱ ኑሮና ታሪክ ከመጽሐፍ ተጠንቶ የሚወሰድ ፈተናም አለ። በ45 ደቂቃ 24 ጥያቄ ይቀርብልሻል፣ 18 መመለስ አለብሽ። ልጅ ወልደሽ፣ የማታ ሥራ ይዘሽ መጽሐፉን መክፈት ይከብዳል። አብሮ የመኖር ማስረጃውም እንዲሁ ቀድሞ ይጀመራል። የባንክ፣ የሐኪም፣ የካውንስል ታክስ (የአካባቢ አስተዳደር ግብር) እና የመብራት ደብዳቤ በሁለታችሁም ስም፣ በአንድ አድራሻ ይምጣ። ሁሉ ነገር በባል ስም ብቻ የሆነበት ቤት ኋላ ላይ ይቸገራል። ሕጉ ደግሞ ይለዋወጣል። መንግሥት በ2025 የሥራ ቪዛውን አምስት ዓመት ወደ አሥር ለማሳደግ ማቀዱን አስታውቋል። ከማመልከትሽ በፊት የመንግሥቱን ድረ ገጽ እይ።

አንድ የቀረኝ አለ። «ወረቀትሽ በእጄ ነው፣ ካልሆነ አስባርርሻለሁ» የሚል ባል አለ። በዚህ ቃል ታፍና ዱላ ችላ የኖረች ሴት አውቃለሁ። ቪዛ የሚሰጠውም የሚሰርዘውም ሆም ኦፊስ የሚባለው የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንጂ ባል አይደለም። የቋሚ ነዋሪ ሚስት ሆና በስፓውዝ ቪዛ ያለች ሴት፣ ትዳሯ በቤት ውስጥ ጥቃት ከፈረሰ አምስት ዓመቱን ሳትጠብቅ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ትችላለች። ባሏ ቢሞትባትም እንደዚያው ነው። ከጥቃት ሸሽታ መጠለያና ገንዘብ ያጣች፣ ድጎማ እንድታገኝ የሚያስችል የሦስት ወር ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች። ይህን ፈቃድ በዲፔንደንትነት ያለችም ልትጠይቅ ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገዷ ግን የተለየ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ፈቃድ ያለው አማካሪ ታግኝ። አደጋ ላይ ከሆንሽ 999 ደውዪ። እንግሊዝኛው ቢጠፋሽ «አምሃሪክ» በይ፣ አስተርጓሚ ያገናኙሻል።