ዝም ያለውን የቡድን ውይይት እንዴት አናገርሁት

ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ ስለሚፈጠር ስህተት ለማደርገው ጥናት በድምፅ የቀዳሁት የመጀመሪያው የቡድን ውይይት አንድ ሰዓት ሙሉ የአንዲት ሴት ድምፅ ነበር፤ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ። ሌሎቹ ሰባቱ «ልክ ናቸው» ከማለት አላለፉም። ጥያቄዎቼን ወቀስሁ፣ ደጋግሜ ቀየርኋቸው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጥፋቱ የተሳታፊ አመራረጤ ነበር። አለቃ ፊት ተቀምጦ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ማን ይናገራል?

ቡድኖቹን በሥራ እርከን ለየሁ፤ በእያንዳንዱ ከ6 እስከ 8 ሰው። ኃላፊዋን ለብቻቸው አነጋገርኋቸው። ከውይይቱ በፊት ሁሉም ሐሳቡን ለ2 ደቂቃ በወረቀት እንዲጽፍ አደረግሁ፤ ከሁሉ የሠራው ይህ ነው። ረዳቴ የየተናጋሪውን ቁጥርና የመጀመሪያ ቃል ትመዘግባለች፤ አለዚያ ቅጂውን ወደ ጽሑፍ ሲገለብጡ ማን ምን እንዳለ መለየት አበሳ ነው። በቀጣዩ ውይይት አንዲት ጀማሪ ነርስ «እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ» ስትል ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ።