«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ ዴስክቶፕ እምቢ ሲል ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ «ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ተቃጥሏል» ነው። ከዛ ባለቤቱ ኬዙን አሸክሞ ባህር ዳር ይወርዳል ወይ ሌላ ቦርድ ይገዛል፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ላይ ወይ ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ ወይ አንዲት ትንሽ ባትሪ ላይ ነው። ለአንድ ጽህፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ለተማሪ ይሄ ቀላል ብር አይደለም፣ ስለዚህ በምልክቱ እየሄድን እንየው። ከመክፈታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ ውስጥ ከመንካታችሁ በፊት ደሞ እጃችሁን የኬዙ ብረት ላይ አሳርፉ፣ ከሰውነታችን የሚወጣ ስታቲክ ቺፕ ይገድላል።

ምንም አይበራም፣ ፋን እንኳን አይዞርም

መጀመሪያ ማከፋፈያውን ቀይሩና ኬብሉን ቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰኩት። ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለውን ማብሪያ እዩ። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ ካለ ሁሌም 230 ላይ መሆን አለበት፣ የኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

ከዛ ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን ሞክሩት። ሶኬቱ እንደተነቀለ ትልቁን ባለ 24 ፒን ኬብል ከቦርዱ ላይ አውጡና አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኙ፣ ከዛ ሰክታችሁ አብሩ። ፋኑ ካልዞረ ባብዛኛው ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል ማለት ነው፣ ቦርዱን ተዉት። ከዞረም ገና ጨርሶ አይታመንም፣ ማልቲሜትር ካላችሁ ቢጫው ከጥቁሩ ጋር 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 አካባቢ መስጠት አለበት፣ ቢጫው ከ11.4 በታች ከወረደ ቀይሩት። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱት፣ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኃይል ይይዛል፣ ሰው ይጎዳል። ደሞ ያገለገሉ የቢሮ ዴል እና ኤችፒ ኮምፒውተሮች ላይ አንዳንዱ ሞዴል 24 ፒን የለውም፣ ባለ 6 ወይ ባለ 8 ፒን የራሱ አሰራር ነው፣ እዛ ላይ የሽቦ ቀለሙን ህግ አትጠቀሙ፣ ተራ ፓወር ሰፕላይም በቀጥታ አይገጥምለትም።

ፓወር ሰፕላዩ ደህና ከሆነ ማብሪያ ቁልፉን ጠርጥሩ። ከፊት ቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ቦርዱ ላይ ሁለት ፒን ላይ ነው የሚሰካው፣ ሽቦውን አውጥታችሁ ሁለቱን ፒን በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ነካ አድርጉ። ከተነሳ የተበላሸው ቁልፉ ብቻ ነበር።

ፋን ይዞራል፣ ስክሪን ግን ጥቁር ነው

ብዙ ቦርድ ያለጥፋቱ የሚጣለው በዚህ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደሞ ነገሩ ራም ነው። የኛ የበጋ አቧራ ኬዝ ውስጥ ገብቶ ራሙ ጥርስ ላይ ይጋገራል፣ ባህር ዳር አካባቢ ደሞ የሀይቁ እርጥበት ይጨመርበታል። ራሙን አውጥታችሁ ወርቃማውን ጥርሱን በንፁህ የእርሳስ ላጲስ በሁለቱም በኩል ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ስሎቱንም እንደዛው፣ ከዛ አንዱን ብቻ ቀጭ እስኪል ሰክታችሁ አስነሱ። ሁለት ራም ካለ እያንዳንዱን በየስሎቱ እያፈራረቁ መሞከር ነው። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም አይነቶች መሃል ላይ ያላቸው ክፍተት ቦታው ይለያያል፣ እምቢ ካለ በጉልበት አትግፉት።

ቢፕ ቢፕ የሚል ድምፅ ካለ ጥሩ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ቢያንስ እየሰራ ነው። የድምፁ ትርጉም እንደ ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ፕሮግራም) አምራች ይለያያል፣ አዋርድ ባዮስ ላይ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር የግራፊክስ ችግር ነው፣ ሳያቋርጥ እየደጋገመ የሚጮህ ደሞ ባብዛኛው ራም ነው።

ራሙ ንፁህ ሆኖ አሁንም ጥቁር ከሆነ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችውን ባለ 4 ወይ ባለ 8 ፒን የ12 ቮልት ኬብል እዩ፣ እሷ ካልተሰካች ፋን ሁሉ እየዞረ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ግራፊክስ ካርድ ካለ የሞኒተሩ ኬብል ካርዱ ላይ እንጂ ቦርዱ ላይ አይሁን።

ሰዓቱ ይሳሳታል፣ ኢንተርኔትም እምቢ ይላል

ይሄን በደንብ አንብቡት። ቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፣ ኮምፒውተሩ ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮሱን ሴቲንግ የምትይዘው እሷ ናት። ስትሞት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል፣ ሲነሳ ኤፍ 1 ተጫን ይላል፣ ዊንዶውስ ይገባል ግን ክሮም ድረ ገፅ አልከፍትም ይላል፣ ሰው ደሞ ኔትወርክ ነው ብሎ ዋይፋዩን ይወቅሳል። ምክንያቱ ድረ ገፆች የሚያሳዩት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ስላለው ነው፣ ቀናችሁ ከዛ ውጪ ከሆነ ውድቅ ያደርገዋል።

ባትሪዋ የሰዓት መሸጫ ሱቅ ሁሉ ትገኛለች፣ የመደመር ምልክቱ ወደላይ ሆኖ ትገባለች። ከዛ በኋላ ቀን ስትሞሉ የፈረንጁን አቆጣጠር አስገቡ። የኛን ዓመተ ምህረት ያስገባ ሰው 7 ወይ 8 ዓመት ወደኋላ ስለሚሆን ባትሪው አዲስ ሆኖም ያው ችግር ይቀጥላል። ሰዓቱም በ6 ይለያል፣ ማታ 2 ሰዓት ባዮስ ላይ 20 ነው። ባትሪ ከቀየራችሁ በኋላ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ባዮስ ውስጥ የሳታ ሞዱ (ሃርድ ዲስኩ የሚገናኝበት አሰራር) ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ኤኤችሲአይ የሚለው ላይ ከነበረ ወደሱ መልሱት።

እየሰራ በራሱ ይጠፋል

ፕሮሰሰሩ ከ100 ዲግሪ አካባቢ ካለፈ ራሱን ለማዳን ያጠፋል። ሂትሲንኩን (ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ብረት) አውጥታችሁ አቧራውን ንፉ፣ በመሃላቸው ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ተርማል ፔስት) በአልኮል ጥረጉና የአተር ፍሬ ያህል አዲስ አድርጉ። ፕሮሰሰራችሁ ኤኤምዲ፣ ሶኬቱም ኤኤም 4 ከሆነ ሂትሲንኩን ቀጥታ ወደላይ አትጎትቱት፣ ፕሮሰሰሩን ከነፒኑ ነቅሎ ይመጣል፣ ትንሽ አሙቃችሁ ግራ ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። ኢንቴል ላይ በፈረንጅ ከ2004ቱ ኤልጂኤ 775 ሶኬት ጀምሮ ስስ ፒኖቹ ያሉት ቦርዱ ሶኬት ላይ ስለሆነ ጣት አታስገቡበት።

ከዛ ፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮ የሚመስሉ ካፓሲተሮች እዩ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ከተነፋ ወይ ቡናማ ነገር ካፈሰሰ አልቋል። በተለይ በፈረንጅ 2000ዎቹ መጀመሪያ የተሰሩ ቦርዶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ብየዳ የሚችል ሰው ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይ ከፍ ያለ አድርጎ ይቀይራቸዋል፣ ቦርድ መግዛት አያስፈልግም።

ከመብረቅ በኋላ ዩኤስቢ ወይ ኔትወርክ ጠፋ

ክረምት ላይ የኔትወርክ ገመዱም መብረቅ ያመጣል፣ የመብራቱን ብቻ መንቀል አይበቃም። የኔትወርክ ወደቡ ብቻ ከሞተ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ላይ የሚገባ ካርድ ጨምሩ፣ ሌላው ይሰራል። ዩኤስቢውም ሃርድ ዲስኩም ድምፁም አብረው ከጠፉ ግን ቺፕሴቱ (እነዚህን ሁሉ የሚያስተዳድረው የቦርዱ ቺፕ) ነው፣ እዚህ ላይ ቦርዱ በእውነት ሞቷል።

መግዛት ካለባችሁ ለሻጩ ሶስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ የፕሮሰሰሩን ሶኬት፣ የራሙን አይነት፣ የኬዙን ልክ። ከቦርድ ልኮች ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ነው፣ ትንሹ ቦርድ ትልቅ ኬዝ ውስጥ ይገባል፣ ትልቁ ቦርድ ትንሽ ኬዝ ውስጥ አይገባም። ኢንቴል 1151 የሚል ሶኬት ካላችሁ ተጠንቀቁ፣ የ6ኛና 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ከ8ኛና 9ኛው ቦርድ ጋር ስሙ አንድ ሆኖ አይሰራም፣ የቦርዱን ሞዴል ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት አሳዩ።