በረዶው ሳይመጣ የጎማችሁን ጎን እዩ

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ወገኖች፣ በረዶ ሳይጥል ጎማ ልትቀይሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሻጩ «ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት የሚባል) ነው፣ ለበረዶም ይሆናል» ቢላችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን ጎን እዩ። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ፈልጉ። ይህ ምልክት የሚሰጠው በረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ለማለት) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ፈተና ማለፉን አያሳይም።

ዋናው ልዩነት ላስቲኩ ላይ ነው። ብርዱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የተራው ኦል ሲዝን ላስቲክ እየደረቀ ይሄዳል፤ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። ለብርድ ወቅት የተሠራው የዊንተር ጎማ ግን እንደለሰለሰ ይቆያል። ችግሩ ሙቀት ላይ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ አፓርታማ ለሚኖርና ትርፍ ጎማ ማስቀመጫ ለሌለው ሰው «ኦል ዌዘር» የሚባለው ይሻላል ባይ ነኝ። የተራራው ምልክት አለው፣ ዓመቱን ሙሉም ይነዳል። በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው የምትመላለሱ ግን ዊንተሩን ግዙ።

«መኪናዬ ፎር ዊል ነው» የምትሉ፣ እሱ የሚረዳችሁ ለመነሳት ነው። ፍሬን ስትይዙ የሚያቆማችሁ ጎማው ነው። አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ የፊቱን ብቻ ከቀየራችሁ ኩርባ ላይ ኋላው ይንሸራተታል። ያገለገለ ጎማ ከሆነ ደግሞ ጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን 4 ቁጥሮች አንብቡ፤ 3521 ማለት በ2021 35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።