ነጩን ኮካቱ አይቶ እንዴት መመደብ ይቻላል?

በምሥራቅ አውስትራሊያ፣ ሲድኒን በመሳሰሉ ከተሞች፣ ትልልቅ ነጭ ወፎች መናፈሻውንም የቤቱንም በረንዳ ሞልተው ሲንጫጩ ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ሁሉንም «ኮካቱ» ብሎ ያልፋቸዋል። እዚህ የምንለየው ባለቢጫ ጉትዬውን ኮካቱ ነው፤ ጉትዬ በአናቱ ላይ ያለው የላባ ቁንጮ ነው። ከሰፊው ምድብ ወደ ጠባቡ ከወረዱ ግን የትኛው እንደሆነ መለየት አያቅትም።

1. እግሩንና ምንቃሩን ይዩ። ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ከሆነና ምንቃሩ ወደ ታች ከቆለመመ፣ ወፉ ከበቀቀኖች ክፍለ መደብ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ባለቢጫ ግንባሩ በቀቀንም እዚሁ ውስጥ ነው።

2. ጉትዬውን ይጠብቁ። ኮካቱዎች ካካቱዊዴ የሚባል የራሳቸው ቤተሰብ አላቸው፤ መለያቸውም እንደፈለጉ የሚያነሱትና የሚያጥፉት ጉትዬ ነው። ወፉ መሬት ሲነካ ወይም ሲደነግጥ ጉትዬውን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋዋል፤ ስለዚህ እስኪያርፍ ይታገሡ። ቀለሙም ይናገራል። ሌሎች በቀቀኖች አረንጓዴና ሰማያዊ የሚመስሉት ላባቸው ውስጥ ብርሃን የሚበትን እጅግ ጥቃቅን አወቃቀር ስላለ ነው። ኮካቱዎች ይህ የላቸውም። አረንጓዴ ላባ ካዩ ኮካቱ አይደለም።

3. ነጮቹን እርስ በርስ ይለዩ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። ካካቱዋ በሚባለው ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ምድብ) ውስጥ ኮሬላ የሚባሉ ነጭ ወፎችም አሉ፤ አንዳንዴም ከባለቢጫ ጉትዬው ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይለቅማሉ። መጀመሪያ ምንቃሩን ያረጋግጡ፤ የባለቢጫ ጉትዬው ጥቁር ነው፣ የኮሬላ ግን ነጣ ያለ ነው። ቀጥሎ ማጅራቱን ይመልከቱ፤ የባለቢጫ ጉትዬው ረጅም ላባ ታጥፎ እንኳ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይታያል። የኮሬላ ጉትዬ አጭርና ነጭ ነው።

4. ስሙን ይስጡት። ጥቁሩ ምንቃርና ቢጫው ጉትዬ ሁለቱም ከተሟሉ ወፉ ባለቢጫ ጉትዬው ኮካቱ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ካካቱዋ ጋለሪታ ነው፤ ዝርያውን በ1790 የመዘገበው እንግሊዛዊው ጆን ሌተም ነው። በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቆዳ ነጭ ከሆነ የምሥራቁ ንዑስ ዝርያ ነው፤ የሰሜን አውስትራሊያው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ኮሬላም ሰማያዊ ቆዳ ስላለው ይህን ምልክት ብቻውን አይመኑ። የወንዱ ዓይን ጥቁር ይመስላል፣ የሴቷ ወደ ቀይ ያደላል።

ጠባይን ግን ለመመደቢያ አይጠቀሙበት። የሲድኒ ኮካቱዎች የቆሻሻ መጣያ ክዳን መክፈት የሚማሩት አንዱ ከሌላው አይቶ ነው። በ2021 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከ2018 በፊት በ3 ሰፈሮች ብቻ ይታወቅ የነበረው ይህ ልማድ በ2019 መጨረሻ 44 ሰፈሮች ደርሷል፤ አከፋፈቱም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ክዳን የማይከፍተውም ያው ካካቱዋ ጋለሪታ ነው።