የጎልፍ ምትን ማቃናት፦ ከዱላው ፊት መጀመር

ጎልፍ የሚለማመድ፣ በቀኝ የሚመታ ሰው ኳሱ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ሲያስቸግረው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ወደ ግራ ዞሮ መቆም ነው። ይህ ግን ችግሩን ያባብሰዋል፤ ትከሻው ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ዱላው ኳሱን ከውጭ ወደ ውስጥ (ወደ ሰውነት በኩል) እየቆረጠ ስለሚያልፍ መታጠፉ ይጨምራል። ኳሱ የሚነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ዱላው ኳሱን በነካበት ቅጽበት ፊቱ (ኳሱን የሚመታው ጠፍጣፋ ገጽ) ወዴት እንደሚያይ ሲሆን፣ አየር ላይ የሚታጠፈው ደግሞ ፊቱ የሚያይበት አቅጣጫና ዱላው የሚጓዝበት መስመር ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ዱላውና ኳሱ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በዚያች ቅጽበት በእጅ ላስተካክል ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ስለዚህ ከአያያዝ ይጀምሩ። የገና ጨዋታ እየተጫወተ ያደገ ሰው ሩር እንደሚመታበት ዱላ በመዳፉ ጨምድዶ መያዝ ሊቀናው ይችላል፤ የጎልፍ ዱላ ግን በግራ እጅ ጣቶች ሥር ነው የሚያርፈው፣ አውራ ጣትም ከመያዣው አናት ጥቂት ወደ ቀኝ ይላል። ወደ ታች ሲመለከቱ ከግራ እጅዎ አንጓዎች ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሊታዩዎት ይገባል። አንድ ብቻ ከታየ ፊቱ ተከፍቶ፣ ማለትም ወደ ቀኝ እያየ፣ ኳሱ ጋ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አራቱም ከታዩ ኳሱ ወደ ግራ ይታጠፋል። አሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆጋን ኳሱ ወደ ግራ እየታጠፈ ለዓመታት ካስቸገረው በኋላ ካሻሻላቸው ነገሮች አንዱ የግራ እጁ አያያዝ ነበር፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ትልልቆቹን የጎልፍ ውድድሮች ማስተርስን፣ የአሜሪካን ኦፕንና የብሪታንያን ኦፕን አሸንፏል።

አያያዝዎን ለመፈተሽ ዱላውን ወደ ኋላ በዝግታ ያንሱና ወገብዎ ዘንድ ደርሶ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ያቁሙት። የፊቱ የታችኛው ጠርዝ እንደ ጀርባዎ በጥቂቱ ወደ ፊት ያዘነበለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ፊቱ ወደ ሰማይ ካየ ተከፍቷል።

ለአቋቋም ሁለት ዘንጎች በቂ ናቸው። አንዱን ከኳሱ ባሻገር ወደ ዒላማው፣ ሌላውን በጫማዎ ጫፍ ትይዩ እንደ ባቡር ሐዲድ ያጋድሟቸው። በሰባት ቁጥር አይረን (ለመካከለኛ ርቀት በሚያገለግል የብረት ዱላ) ሲመቱ ኳሱ በእግሮችዎ መካከል፣ በድራይቨር (ሩቅ ለመምታት በሚያገለግለው ረጅም ዱላ) ሲመቱ ደግሞ በግራ ተረከዝዎ አንጻር ይሁን።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ልምምድ የሚጠይቀው ዱላው መሬት የሚነካበት ቦታ ነው። ጀማሪ ኳሱን ከሥር አንስቶ ሊያስወነጭፍ ስለሚሞክር ክብደቱ ቀኝ እግሩ ላይ ይቀርና ዱላው ኳሱ ጋ ሳይደርስ መሬት ይመታል። ሰባት ቁጥር አይረን 30 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ፊት ስላለው ኳሱን ራሱ ያነሣዋል። ሣሩ ላይ በኖራ መስመር ያስምሩና ያለ ኳስ አሥር ጊዜ ይምቱ፤ ሣሩ መቆረጥ ያለበት ከመስመሩ ጀምሮ ወደ ዒላማው በኩል ነው። ከመስመሩ በስተኋላ ከተቆረጠ፣ ሲያወርዱ አስቀድመው ክብደትዎን ወደ ግራ እግርዎ ያሻግሩ፤ ትከሻዎ ይከተል እንጂ አይቅደም።

በድራይቨር ከሆነ ግን የጉዞ መስመሩን ከመውቀስዎ በፊት ኳሱ ፊቱን የት እንደነካ ይመርምሩ። ኳሱ ላይ በነጭ ሰሌዳ ማርከር ነጥብ አድርገው ነጥቡን ወደ ዱላው አዙረው ሲመቱ ምልክቱ ፊቱ ላይ ይቀራል። ወደ ዱላው እጀታ ቀርቦ የተመታ ኳስ አመታትዎ ትክክል ቢሆንም እንኳ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ከኳሱ ጥቂት መራቅ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

አየሩም ያታልላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ ኳስ ርቆ ይሄዳል፣ መታጠፉም ይቀንሳል፤ እዚያ የተለማመደ ሰው እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ባለ ዝቅተኛ ቦታ ሲጫወት የተሰወረ ጉድለቱ ይገለጥበታል።

ለልምምድ፣ ከኳሱ ሦስት ሜትር ያህል ፊት ለፊት ሁለት ዘንጎችን በአንድ ክንድ ርቀት ይትከሉና ዱላውን እስከ ወገብ ብቻ እያነሱ በሰባት ቁጥር አይረን በመካከላቸው ያሳልፉ። ከአሥር ኳስ ስምንቱ ካለፈ እስከ ትከሻ ያንሱ፤ ካላለፈ ወደ አንጓዎቹ ቆጠራ ይመለሱ።